በእጅ ወይስ በኮምፒውተር? የዘመናዊ የስፖርት መኪኖች የካምቢዮ ሙግት

ፖርሽ በ2021 ያወጣው 911 ጂቲ3 በሁለት ዓይነት ካምቢዮ ይሸጥ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ አንድ ነው፤ 510 የፈረስ ጉልበት። ባለ ሰባት ማርሹ አውቶማቲክ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ለመድረስ 3.4 ሰከንድ ይበቃዋል። ባለ ስድስት ማርሹ ማኑዋል 3.9 ሰከንድ ይፈልጋል። ተራ መኪና ላይ ግማሽ ሰከንድ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ግን መሐንዲሶች አንድ አሥረኛ ሰከንድ ለማትረፍ ወራት ይለፋሉ። ታዲያ ቀርፋፋውን አውቆና ፈልጎ የሚገዛ ሰው ለምን አልጠፋም? ኩባንያዎቹስ አንዴ የጣሉትን ማኑዋል ለምን እንደገና አነሡት?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ክርክሩን የሚያምታታውን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ሰዎች «አውቶማቲክ» ሲሉ አንድ ማሽን ያለ ይመስላቸዋል። በስፖርት መኪና ታሪክ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ማሽኖች አሉ፤ አንዱ በሌላው ኃጢአት ሲወቀስ ኖሯል።

ካምቢዮ ራሱ ለምን አስፈለገ የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን በሁሉም ዙር ላይ እኩል አይሰጥም። የጂቲ3 ሞተር ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣው በደቂቃ 8,400 ዙር ላይ ሲደርስ ነው፤ የመጨረሻ ጣሪያው ደግሞ 9,000 ነው። ጎማው ግን ከዜሮ ተነሥቶ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አለበት። ሞተሩ ጉልበት ያለበትን ጠባብ የዙር ክልል ሳይለቅ ጎማው እንዲፈጥን የሚያደርጉት በመካከል የሚገቡት የተለያየ መጠን ያላቸው ጥርሶች (ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች) ናቸው። ማርሽ መቀየር ማለት ሞተሩን ወደዚያ ክልል መልሶ ማስገባት ማለት ነው።

ማኑዋሉ ይህን የሚያደርገው በሰው እጅና እግር ነው። ከሞተሩ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር የተጣበቀው የፍሪሲዮን ዲስክ ፔዳሉ ሲረገጥ ይላቀቃል፤ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። በዚያች ቅጽበት አሽከርካሪው የማርሽ ዘንጉን ከአንዱ ማርሽ አውጥቶ ሌላው ውስጥ ያስገባል። ጥርሶቹ የሚዞሩበት ፍጥነት ስለሚለያይ ሲንክሮናይዘር የሚባሉት የነሐስ ቀለበቶች በሰበቃ ያስተካክሏቸዋል፤ ዘንጉ ቦታው ላይ ከመግባቱ በፊት በእጅ የሚሰማው ያ ትንሽ ግፊት የእነርሱ ሥራ ነው። ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቃል፣ ሞተሩና ጎማው እንደገና ይያያዛሉ። ጎበዝ አሽከርካሪ ይህን ሁሉ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ያ ግማሽ ሰከንድ ግን ባዶ ነው፤ መኪናውን የሚገፋው ምንም ኃይል የለም።

ማርሽ መጨመሩ ቀላሉ ነው። ችሎታ የሚጠየቀው ሲቀነስ ነው። አንድ መኪና በሦስተኛ ማርሽ እየበረረ ወደ ጠባብ ኩርባ ሲጠጋ እናስብ። ቀኝ እግር ፍሬኑን አጥብቆ ይረግጣል፤ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ይጫናል፤ ቀኝ እጅ (መሪው በግራ በኩል ከሆነ) ዘንጉን ወደ ሁለተኛ ይስባል። አሁን ፍሪሲዮኑ እንዲሁ ቢለቀቅ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር ሁለተኛ ማርሽ ከሚጠይቀው ያነሰ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቹ በድንገት ይያዛሉ፤ መኪናው ኩርባው አፍ ላይ ጅራቱን ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ ቀኝ እግሩ ከፍሬኑ ሳይነሣ፣ በእግሩ የጎን ጠርዝ ነዳጅ መስጫውን ለአፍታ ነካ አድርጎ የሞተሩን ዙር ያነሣዋል፤ ከዚያ ብቻ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። በአንድ እግር ሁለት ፔዳል፣ ያውም የፍሬኑ ግፊት ሳይላላ። መልመዱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲሳካ ግን ሞተሩ አንዴ ጮኾ መኪናው ያለ ምንም መንገጫገጭ ወደ ኩርባው ይገባል። የማኑዋል ወዳጆች «ደስታው» ሲሉ የሚያወሩት በአብዛኛው ስለዚህች ቅጽበት ነው። ነዳጅ መስጫውን የመንካቱን ሥራ ኮምፒውተር ሊሠራው እንደሚችል ኒሳን በ370ዚ ላይ ካሳየ ወዲህ ብዙዎቹ ዘመናዊ ማኑዋሎች ይህን ተግባር ይዘው ይመጣሉ። በአብዛኞቹ ላይ በአንድ ቁልፍ ሊጠፋ ይችላል፤ እኔ ብሆን አጠፋዋለሁ። ግማሹን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጥቶ ማኑዋል ነዳሁ ማለት አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ ሦስቱ አውቶማቲኮች እንሂድ።

የመጀመሪያውና ጥንታዊው ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በብረት አይያያዙም፤ በመካከላቸው በዘይት የተሞላ ክብ ቤት አለ። በውስጡ ሁለት ክንፋም ጎማዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንዱን ሞተሩ ሲያዞረው ዘይቱን ይገፋል፣ የተገፋው ዘይት ሌላውን ያዞራል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋው። አሠራሩ ለስላሳ ነው፤ ግን ዘይት ይንሸራተታል፣ የተንሸራተተው ጉልበት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የድሮዎቹ ሦስትና አራት ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ ነዳጅ ይበላሉ፤ ታዘው እስኪንቀሳቀሱ ድረስ ያስጠብቃሉ። «አውቶማቲክ ስፖርት መኪና አይሆንም» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜም እውነት ነበር።

ሁለተኛው ከውድድር ሜዳ መጣ። በ1989 ፌራሪ 640 የተባለ የፎርሙላ 1 መኪና አቀረበ። ዋና መሐንዲሱ ጆን ባርናርድ የማርሽ ዘንጉን አስወግዶ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚሳቡ ሁለት ማንሻዎች አኖረ፤ አንዱ ማርሽ ለመጨመር፣ ሌላው ለመቀነስ። ውስጡ ያው ማኑዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውና ጥርሱን የሚያስገባው ግን የሃይድሮሊክ ግፊት ነው። መኪናው በሙከራ ወቅት ደጋግሞ በመበላሸቱ አሽከርካሪው ናይጄል ማንሰል በብራዚሉ የመጀመሪያ ውድድር ቀድሞ የሚነሣ አውሮፕላን ላይ ቦታ ይዞ ነበር ይባላል። ውድድሩን አሸነፈ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የፎርሙላ 1 ሜዳ በሙሉ ወደዚህ አሠራር ዞረ።

ፌራሪ ይህንኑ በ1997 በኤፍ355 ወደ መንገድ አወረደው፤ ቢኤምደብሊውና ላምቦርጊኒም የራሳቸውን አወጡ። በመንገድ ላይ ግን ችግሩ ታየ። ፍሪሲዮኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ባዶዋ ቅጽበት አሁንም አለች። አሽከርካሪው ራሱ ሲቀይር እግሩ መቼ እንደሚላላ ሰውነቱ ያውቃል፤ ማሽኑ ሲቀይር ግን ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ወደ ፊት ይነቀንቃል። ላምቦርጊኒ በ2011 አቬንታዶር ላይ ባለ አንድ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ አወረደው፤ መንገጫገጩ ግን አልቀረም። በዝግታ በከተማ ውስጥ ሲነዱት የሚንገጫገጭ፣ በፍጥነት ሲነዱት ደግሞ ጀርባን በጡጫ የሚመታ መኪና ሆነ። ይህንን የሚወዱ አሉ፤ በበጎ ጎኑ ካየነው ቢያንስ አያስተኛም።

ሙግቱን የፈታው ሦስተኛው ነው፤ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው አዶልፍ ኬግረስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ አስቦበታል። ለማሠራት የሚችል ኤሌክትሮኒክስ ግን አልነበረም። ፖርሽ በ1980ዎቹ በ956 እና በ962 የውድድር መኪኖቹ ላይ ሞከረው። ለሕዝብ የተሸጠው በ2003 በፎልክስዋገን ጎልፍ አር32 ላይ ነው፤ ይህ ሁሌ ይገርመኛል፤ የቅንጦት መኪኖቹን ቀድሞ ጎልፍ! ከዚያ በ2005 ከ1,000 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ቡጋቲ ቬይሮን፣ በ2007 ኒሳን ጂቲ-አር፣ በ2008 ደግሞ ፖርሽ 911 ተከተሉ።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ካምቢዮ አለ ማለት ይቻላል። አንደኛው ፍሪሲዮን አንድ፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ማርሾችን ይይዛል፤ ሌላኛው ሁለት፣ አራትና ስድስትን። መኪናው በሦስተኛ እየሄደ ሳለ አራተኛው ማርሽ ከወዲሁ ገብቶ ይጠብቃል፤ የእሱ ፍሪሲዮን ብቻ ተላቅቆ ነው ያለው። ማንሻው ሲሳብ አንዱ ፍሪሲዮን እየላላ ሌላው በዚያው ፍጥነት እየያዘ ይሄዳል። እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች ነው፤ ሁለተኛው ሯጭ ቆሞ አይቀበልም፣ ፍጥነቱን ይዞ እየሮጠ ይቀበላል እንጂ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የዚህ ካምቢዮ ብልጫ እጅን በፍጥነት መቅደሙ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ወደ ጎማው የሚሄደው ጉልበት አለመቋረጡ ነው። ከዜሮ እስከ 100 ድረስ የሚደረገው የማርሽ ለውጥ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም፤ ስለዚህ የጂቲ3 ግማሽ ሰከንድ ከለውጡ ፍጥነት ብቻ ሊመጣ አይችልም። ሌላው የሚገኘው በመነሻው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የጎማውን መንሸራተት በየሚሊ ሰከንዱ እየለካ ፍሪሲዮኑን ያላላል፣ ያጠብቃል፤ የሰው ግራ እግር ግን በግምት ነው የሚሠራው። ማርሾቹም ሰባት ስለሆኑ ይቀራረባሉ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ ክልል ብዙም አይወርድም። ተርቦ (በጭስ ግፊት እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ጥቅሙ ይጨምራል፤ አሽከርካሪው ማርሽ ለመቀየር እግሩን ከነዳጅ ባነሣ ቁጥር ተርቦው ያጠራቀመው ግፊት ይወርዳልና እንደገና እስኪሞላ ይጠበቃል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ያንን ጊዜ አያባክንም።

ለደኅንነትም ጥቅም አለው። በማኑዋል ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ሊጨምር የነበረ ሰው እጁ ስቶ ሦስተኛ ውስጥ ቢያስገባ ጎማው ሞተሩን ከጣሪያው በላይ ያዞረዋል፤ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ፣ ሞተሩ ሊሰባበር ይችላል። ዙሩ ከጣሪያው ሲያልፍ ነዳጅ የሚቆርጠው መከላከያ እዚህ አያድንም፤ ዙሩ የመጣው ከነዳጅ ሳይሆን ከጎማ ነው። አውቶማቲኩ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አይቀበልም።

ድክመቱስ? ቀጥሎ የሚመጣውን ማርሽ የሚገምተው ኮምፒውተር ነው፤ ግምቱ ሲስት፣ ለምሳሌ አራተኛን አዘጋጅቶ ሳለ አሽከርካሪው ድንገት ሁለተኛን ቢፈልግ፣ ትንሽ ያስጠብቃል። ክብደትም ይጨምራል፤ ያው ጂቲ3 በማኑዋል 1,418፣ በአውቶማቲክ 1,435 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲሄድ ፍሪሲዮኖቹ በግማሽ ተይዘው ስለሚንሸራተቱ ይሞቃሉ። ሲበላሽም ጥገናው ከማኑዋል የፍሪሲዮን ዲስክ ቅያሬ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በዚህ መካከል ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ የተናቀው ቶርክ ኮንቨርተር ተመለሰ። ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ከተነሣ በኋላ ዘይቱን ትቶ በብረት ስለሚቆለፍ አይንሸራተትም፤ የማርሽ ለውጡም ፈጣን ነው። ቢኤምደብሊው ለኤም5 ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ሲጠቀም ቆይቶ በ2017 ባስተዋወቀው ትውልድ ወደዚህኛው ተሻገረ። ለከባድና በጉልበት ለሚጎትት መኪና ዘይቱ ያለው ትዕግሥት ይበጃል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «አውቶማቲክ ቀርፋፋ ነው» ካለ የሚያወራው ስለ አባቱ ዘመን ካምቢዮ ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ግን አንድ ቁጥር ላስታውስ። የ2021ዱ ጂቲ3 በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ መወዳደሪያ ሜዳ የሰሜን ዙር፣ 20.832 ኪሎ ሜትሩን በአውቶማቲክ ካምቢዮ በ6 ደቂቃ ከ59.927 ሰከንድ አጠናቆ ነበር። በ2025 የተሻሻለው ጂቲ3 ያንኑ መንገድ በ6 ደቂቃ ከ56.294 ሰከንድ ዞረ፤ በማኑዋል! ማኑዋል ካምቢዮ ፈጠነ ማለት አይደለም፤ ያው መኪና በአውቶማቲክ ቢሆን ሰዓቱ ከዚህም ሊያንስ ይችል ነበር። የሚያሳየው ግን ረጅም ዙር ላይ ጎማ፣ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው የአየር ግፊትና የመኪናው አቋም ከካምቢዮ ልዩነት የሚበልጥ ክብደት እንዳላቸው ነው። ከመኪናው ሽያጭ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው 0–100 ስለሆነ ነው ካምቢዮው የሁሉም ነገር ቁልፍ መስሎ የሚታየው።

ኩባንያዎቹ ማኑዋልን የጣሉት ታዲያ በፍጥነት ብቻ አይደለም። ፌራሪ በ2009 ያወጣው 458 ማኑዋል አልነበረውም፤ የላምቦርጊኒ ማኑዋል በ2013 ከጋላርዶ ጋር አበቃ፤ ከ2020 ጀምሮ የተሠራው ስምንተኛው ትውልድ ኮርቬትም በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ብቻ ይቀርባል። የጭስ ልቀት መለኪያ አንዱ ምክንያት ነው፤ ኮምፒውተሩ ለነዳጅ የሚበጀውን ማርሽ ይመርጣል፣ ሰው ግን ደስ ያለውን። ሌላው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በ2024 በወጣው ድቅል (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) 911 ላይ የኤሌክትሪክ ሞተሩ የተቀመጠው አውቶማቲክ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ለሦስተኛው፣ ለፍሪሲዮን ፔዳል ቦታ አልተተወለትም። የማዞር ኃይልም አለ፤ የቢኤምደብሊው ኤም3 ማኑዋል 550 ኒውተን ሜትር ሲሰጠው ኮምፔቲሽን የተባለው አውቶማቲኩ ዓይነት 650 አለው። ገዢው ማኑዋል ሲመርጥ ካምቢዮ ብቻ ሳይሆን ደካማውን ሞተርም አብሮ ይመርጣል።

ፖርሽም በ2013 የወጣውን ጂቲ3 በአውቶማቲክ ብቻ አቅርቦ ነበር። ለዙር ሰዓት ካሰብን ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ደንበኛው ግን አጉረመረመ። ኩባንያው በ2016 ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ያለውን 911 አር በ991 ቁጥር ብቻ ሠራ፤ ያገለገሉት ዋጋቸው ከአዲሱ በላይ ወጣ። በ2017 ማኑዋሉ ወደ ጂቲ3 ተመለሰ። ሌሎችም ገበያው ገባቸው። ቶዮታ በ2019 በአውቶማቲክ ብቻ ላስተዋወቀው ሱፕራ ቆየት ብሎ ማኑዋል ጨመረለት። የመኪና ንድፍ ባለሙያው ጎርደን መሬይ በ100 ቁጥር የወሰነው ቲ.50 በማኑዋል ብቻ ነው የተሸጠው፤ ሞተሩ እስከ 12,100 ዙር ይወጣል። ስዊድናዊው ኮኒግሴግ ደግሞ በሲሲ850 ላይ አንዱን ካምቢዮ ሁለት አደረገው፤ ሲፈለግ ባለ ዘጠኝ ማርሽ አውቶማቲክ፣ ሲፈለግ ፍሪሲዮን ፔዳልና ዘንግ ያለው ባለ ስድስት ማኑዋል። ማኑዋል በአንድ ወቅት የርካሹ መኪና ምልክት ነበር፤ አሁን በጣም ውድ የሆኑት ዘንድ ተገኘ።

በግሌ ግን ማኑዋል ለሁሉም የስፖርት መኪና እኩል ይስማማል ብዬ አላምንም። ትልቁ ጠላቱ ረጅም ማርሽ ነው። 500 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ላይ ሁለተኛ ማርሽ ብቻውን በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወስድ ይችላል። በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን መኪና የሚነዳ ሰው ሕግ ሳይጥስ ሞተሩን እስከ ጣሪያው ማድረስ የሚችለው በአንደኛ ማርሽ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ የዘንግና የፔዳል ጥበብ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በአንጻሩ ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን የመሰለ ቀላልና ጉልበቱ ልከኛ መኪና ሞተሩን ለማሠራት እጅ ሁልጊዜ መንቀሳቀስ አለበት፤ ማኑዋሉ እዚያ ጌጥ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ካምቢዮዎች ለሚያወዳድር ገዢ ከ0–100 ይልቅ የማርሾቹን ርዝመት ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ስንት ላይ ያበቃሉ? ሁለተኛው ከመንገዱ የፍጥነት ገደብ በላይ የሚሄድ ከሆነና መኪናው የውድድር ሜዳ የማይረግጥ ከሆነ፣ አውቶማቲኩን ቢወስድ ብዙ አልቀረበትም።

የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪኖች አብዛኞቹ ካምቢዮ አያስፈልጋቸውም፤ ሞተራቸው ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ የማዞር ኃይል ይሰጣል። ሆኖም ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ላይ በሶፍትዌር የተፈጠረ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ አስገብቷል። ከመሪው ጀርባ ያለው ማንሻ ሲሳብ ሞተሩ ለአፍታ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ መኪናው ይነቀነቃል፣ ድምፅ ማጉያው የሞተር ዙር ሲወርድ ያሰማል። የሌለ ማርሽ ለመቀየር ሆን ብሎ መዘግየት ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አሽከርካሪው ወደ ኩርባ ሲገባ ፍጥነቱን ሰሌዳ ሳያይ በጆሮውና በጀርባው እንዲያውቅ ይረዳዋል፤ የሚጠላው ሰው ደግሞ በቁልፍ ያጠፋዋል።